በስደት አገር ቋንቋ ስለ ተጠበቀ ሃይማኖት
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)

ከየካ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ተራራ የወጣ ሰው የራጉኤልን ደብር ይሳለማል። የሊቀ መላእክት ራጉኤል ስም የተጻፈው በመጽሐፈ ሄኖክ ነው። ይህ መጽሐፍ ዛሬ ሙሉው የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ሲሆን፥ ወደ አክሱም አባቶች የደረሰው በጽርዕ ቋንቋ በኩል ነው። ለቅዱሳት መጻሕፍት የጽርዕን መንገድ አስቀድመው የጠረጉት ግን ከኢየሩሳሌም ርቀው የኖሩ አይሁድ ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት፥ በጥሊሞስ ፊላዴልፎስ በነገሠበት ዘመን፥ ብዙ አይሁድ በእስክንድርያ ተቀምጠው ነበር። ልጆቻቸው ጽርዕ እየተናገሩ አደጉ፤ ዕብራይስጥም ከአፋቸው እየራቀ ሄደ። ቋንቋው ሲሄድ ሕጉ አብሮ እንዳይሄድ ኦሪት ወደ ጽርዕ ተመለሰች፤ ሥራውንም 72 ሊቃናት እንደ ፈጸሙት በትውፊት ይነገራል።

ነገር ግን ትእዛዝ ብቻውን የልጅን ልብ አይዝም፤ ታሪክም ያስፈልገዋል። ስለዚህ በነነዌ ተማርኮ ሳለ የወገኖቹን ሬሳ እየሰረቀ ስለ ቀበረው ስለ ጦቢት ተረኩ። በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር የእግዚአብሔር ስም አይጠራም፤ በጽርዑ ግን የመርዶክዮስና የአስቴር ጸሎት ገባበት። በባዕድ ንጉሥ ቤት ያደገ ልጅ በዚያው ሆኖ መጸለይን ከዚህ ይማራል።

ከሁሉ ይልቅ የሶስና ታሪክ ያስደንቃል። ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት በከሰሷት ጊዜ ዳንኤል ለየብቻ አቁሞ፥ «ከምን ዛፍ በታች አየሃት?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ «ስኪኖስ» አለ፤ ሁለተኛው «ፕሪኖስ» አለ። ዳንኤልም የመጀመሪያውን መልአክ ይሰነጥቅሃል ሲል «ስኪሴይ»፥ ሁለተኛውን በመጋዝ ይቈርጥሃል ሲል «ፕሪሳይ» በሚሉ ቃላት ፈረደባቸው። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ የኅብር ወንድም መሆኑን ያውቃል። አፍሪቃኖስ የተባለው ሊቅ በ3ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ይህን የቃል ጨዋታ ይዞ፥ ታሪኩ በጽርዕ የተደረሰ ነው ብሎ ከኦሪጎን ጋር ተከራከረ። ክርክሩ ወዲያም ይሁን ወዲህ፥ የባዕዱ ቋንቋ የዳንኤልን ፍርድ ከነለዛው ሊሸከም እንደ ቻለ ይታያል።

የአክሱም አባቶችም እንዲሁ ከጽርዕ ወደ ግዕዝ መለሱ፤ ግዕዝ ከሕዝቡ አፍ ሲርቅ ደግሞ መምህራን በአማርኛ አንድምታ አወረዱ። ዛሬ በየካ ቅዳሴውን ሰምቶ ምሥጢሩ የማይገባው ልጅ አለ፤ ባሕር ማዶ ተወልዶ አማርኛው የጠፋበትም አለ። ቋንቋ አያውቅም ተብሎ ታሪክ የተነፈገ ልጅ ወገኑን ያጣል። በሚያውቀው ቋንቋ የተነገረው ግን ከአባቶቹ ጋር ይቈጠራል፤ ግዕዙንም ሊማር ይመለስ ይሆናል።

የአባቶች አምላክ ለመምህራን ትጋትን፥ ለልጆች ማስተዋልን ይስጥ። አሜን።