የደነዘዘ እግር



ከሦስት ዓመት በፊት ሰቆጣ ሳለሁ ከፃግብጂ የመጡ አንድ አባት ሩቅያ እንድቀራላቸው ጠየቁኝ። «ግራ እግሬ ሌሊት እንደ እሳት ያቃጥለኛል፤ ቀን ደግሞ የእኔ አይመስለኝም» አሉኝ። አንዱ ብርድ ነው ብሏቸዋል፤ ሌላው ጂን ነው። አንድ ክሊኒክም እግራቸውን ሳያይ «ሪህ ነው» ብሎ ክኒን ሰጥቷቸዋል። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ቁርኣን ቀራሁላቸው። ሊነሱ ሲሉ ተረከዛቸው ላይ የእሳት ቁስል አየሁ። መቼ እንደተቃጠሉ አያውቁም! «ውዱእ ሲያደርጉ ውሃው ይሰማዎታል?» ብላቸው «በግራው አይሰማኝም» አሉ። ያኔ ነው ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። በማግስቱ ከልጃቸው ጋር ሆነን ወደ ሐኪም ወሰድናቸው።

ሐኪሙ ልብሳቸውን አስወልቆ ገላቸውን ሁሉ አየ። ጀርባቸው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ነበር። ዓይናቸውን አስጨፍኖ በጥጥ ሲነካው አልተሰማቸውም። የክርናቸውንና የጉልበታቸውን ነርቭ በጣቱ ዳሰሰ፤ አብጧል። ሥጋ ደዌ ነው።

እኒያ አባት መጀመሪያ የጠየቁት ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። «የልጄ አማቶች እንዳይሰሙ» ነው ያሉት። ስንቱን ቤቱ ውስጥ የደበቀው ይኸው ፍርሃት ነው። በሽታው በዘር አይወረስም፤ የእርግማን ውጤትም አይደለም። በጣም በዝግታ በሚያድግ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በጥምር መድኃኒት ይታከማል፤ መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላው ማስተላለፉን ያቆማል። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳና አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የቆየ ስም አላቸው።

ታዲያ የደነዘዘ እግር ሁሉ ሥጋ ደዌ ነው ማለቴ አይደለም። ስኳር በሽታ ሁለቱንም እግር ከጣት ጀምሮ ያደነዝዛል፤ የደም ምርመራ ይለየዋል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲሁ ያደርጋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እጅ እግሩን ከጠዘጠዘው ኢሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር፣ ቫይታሚን ቢ6 ይጨመርለታል። በችግር ዘመን ጓያ አብዝቶ የበላ ሰው ደግሞ እግሩ ይተሳሰራል እንጂ እንደዚህ ስሜቱ አይጠፋም። እንግዲህ ስሜቱ ተመሳስሎ ሕመሙና መድኃኒቱ ይለያያል።

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ራሱን የቆሰለ ሰው ትጥበት ግዴታ ሆኖበት ጓደኞቹን ቢጠይቅ ሳያውቁ «ታጠብ» ብለውት ታጥቦ ሞተ። ነብዩ ያልጠየቁትን እነዚያን ሰዎች አጥብቀው ወቀሱ። ይህን ሐዲስ እኛ ዱዓት ለራሳችንም እናንብበው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ መቼ እንደጀመራችሁ፣ በአንድ ወገን ይሁን በሁለቱም፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር ተናገሩ። ጫማችሁን ሳያስወልቅ ክኒን የሚጽፍ ካጋጠማችሁ «እግሬን እዩልኝ» በሉ። ጊዜው ወሳኝ ነው፤ በሥጋ ደዌ የደነዘዘ ነርቭ 6 ወር ሳይሞላው ከታከመ ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ተስፋው ይመነምናል።

የእኒያ አባት እግር ዘግይቶ ነበርና ስሜቱ አልተመለሰም። በሽታው ግን ድኗል። አሁን ለሱብሒ ውዱእ ሲያደርጉ ውሃውን አስቀድመው በክርናቸው ይለኩታል፤ ከዚያ የልጅ ልጃቸው ባትሪ ይዞ የእግራቸውን ውስጥ ያይላቸዋል።