የኩላሊት እጥበት በቤት፤ የባልና የሚስት ምክር

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበሩ ስለ ጤና አንድ ነገር እንድንናገር ባዘዙን ጊዜ እንቢ ብለን ነበር። ሐኪም አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንን የጨረስነው በመዝገብ ቤት ወረቀት ስናመላልስ ነው። ኋላ ግን ስናስበው፣ በኩላሊት ነገር ለአንድ ወዳጃችን የሰጠነው የተሳሳተ ምክር አለና፣ እሱን በጉባኤ ፊት ለመናገር ስንል እሺ አልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈራችን ወጥተው አሜሪካ ልጆቻቸው ዘንድ የገቡ ባልና ሚስት አሉ። ባልየው የስኳርና የደም ግፊት በሽተኛ ነበር፤ ሁለቱ ተባብረው ኩላሊቱን ጨረሱት። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ታዲያ ምን አሉት መሰላችሁ? «በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣህ መታጠብ ትችላለህ፤ ካልፈለግህ ደግሞ ቤትህ ሆነህ ታጠብ። የቤቱም ሁለት ዓይነት ነውና ከባለቤትህ ጋር ተማክረህ ምረጥ» አሉት። እሱም ከባለቤቱ በፊት ለእኛ ስልክ ደወለ። አብሮ አደጋችን ነው። እኛም ሳንጠይቅ ሳናጣራ «ማሽኑን ያዝ! ሆድህን አስበስተህ ቱቦ አንጠልጥለህ ልትሄድ ነው እንዴ?» አልነው። ምክራችን ይኸው ነበር።

በማግስቱ ሚስቲቱ ራሷ ደወለች። እታለም ነው የምንላት። ከሰላምታ በኋላ ዝም አለችና «ጋሼ፣ መርፌውን የሚወጋው ማን መስሎዎት ነው?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ነው የጤና ባለሙያ የሆነውን የእኅታችንን ልጅ አስቀምጠን እንደ ተማሪ መጠየቅ የጀመርነው።

ኩላሊት ደምን እያጣራ ቆሻሻውንና ትርፉን ውኃ በሽንት የሚያስወጣ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ሲበላሽ ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል፤ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ምግብ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሌላ ወንፊት መፈለግ ግድ ነው።

አንደኛው የማሽኑ ነው። ክንድ ላይ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በቀዶ ጥገና ይገጣጠማል፤ ሥሩም ይወፍራል። በዚያ ላይ ሁለት ወፋፍራም መርፌ ይተከላል፤ በአንዱ ደሙ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ተጣርቶ በሌላው ይመለሳል። ሆስፒታል ሲሆን አራት ሰዓት ያህል፣ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ቤት ሲሆን ግን አሳጥሮ ቀኑን ማብዛት፣ ወይም ሌሊት ተኝቶ ቀስ ብሎ ማድረግ ይቻላል። ቶሎ ቶሎ የሚታጠብ ሰው ይበልጥ ይቀለዋል ይላሉ፤ ምግቡም እንደ ሦስት ቀኑ አይጠብቅም። መርፌውን ሕመምተኛው ራሱ መትከል ሊማር ይችላል። ነገር ግን የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ቢስት፣ መርፌው ቢነቀልና ደም ቢፈስ፣ ማሽኑን የሚያቆም ሰው አጠገቡ እንዲኖር ይፈለጋል። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። እታለም ደም ስታይ ራሷ የምትወድቅ ሴት ናት። ይህን እያወቅን ነው እንግዲህ «ማሽኑን ያዝ» ያልነው።

ሁለተኛው ደም የማይነካው ነው። በሆዳችን ውስጥ አንጀቱንና የሆድ ዕቃውን የሸፈነ ስስ ሽፋን አለ። ለስላሳ ቱቦ በቀዶ ጥገና ሆድ ውስጥ ይገባል፤ በእሱ ሁለት ሊትር ያህል ስኳርነት ያለው ፈሳሽ ከከረጢት ወደ ሆድ ይወርዳል። አራት አምስት ሰዓት ሲቆይ ቆሻሻው በዚያ ስስ ሽፋን አልፎ ወደ ፈሳሹ ይገባል። ከዚያ ፈሳሹን አውጥቶ አዲስ መተካት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ይህ በቀን አራት ጊዜ፣ በየቀኑ ይደረጋል፤ እሑድ የለው፣ በዓል የለው። ወይም ሌሊት እየሞላና እያወጣ የሚያድር አነስ ያለ ማሽን አለ። መርፌ የለም፤ ሰውየው ራሱ ያደርገዋል፣ ሚስት የግድ አትቆምም።

ይህም የራሱ ጣጣ አለው። እጅ በሚገባ ሳይታጠብ፣ አፍ ሳይሸፈን ቱቦው ከተነካ ተሐዋሲ ይገባና የሆድ ዕቃው ይመርዛል። ምልክቱ የሚወጣው ፈሳሽ እንደ አጓት መደፍረሱና የሆድ ሕመም ነው፤ ሲታይ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ነው። ፈሳሹ ስኳር ስላለው የስኳር በሽተኛ መድኃኒቱን ማስተካከል አለበት። ከሰውነትም ገንቢ ምግብ ይዞ ስለሚወጣ እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ ዓሣውን ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል። ጾመኛ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነውና ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገርበታል። በሌላ በኩል ድንችና ሙዝ፣ ውኃና ቡና እንደ ሦስት ቀኑ እጥበት አይከለከልም። ወዳጃችን ሦስተኛውን ቡና፣ በረካውን ማለት ነው፣ ሊያጣ ነው ብሎ ከመርፌው ይልቅ ያዘነው ለዚያ ነበር።

ሁለቱ ተቀምጠው ተመካከሩ፤ የከረጢቱን መረጡ። ከአንድ ዓመት በላይ ደኅና ሄደ። ከዚያ አንድ ማታ ፈሳሹ ደፈረሰ። ምክንያቱ የልጅ ልጃቸው በሩን ከፍታ ስትገባ ቸኩሎ በመነካካቱ ሳይሆን አይቀርም ይላል እሱ። ሆስፒታል ገብቶ መድኃኒቱ በዚያው በሆዱ ፈሳሽ ተጨምሮለት ዳነ። እታለም ግን እንቅልፍ አጣች። እያንዳንዱን ከረጢት ወደ መብራት እያነሣች ማየት ጀመረች። ነርሷ ያዘነችው ለእሷ ነበርና እሷን ለብቻዋ ጠርታ ጠየቀቻት። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሊቱ ማሽን ተዛወሩ፤ ማታ ማታ የሚያገጣጥመው ልጃቸው ሆነ። አንዴ የተመረጠ ነገር የማይለወጥ መስሎን ነበር፤ ለካ ይለወጣል። ሆዱ ቀድሞ ብዙ ቀዶ ጥገና ያለበት ሰው ከረጢቱ ላይሆነው ይችላል፤ ዛሬ ቤት የሚታጠብ ነገ ሆስፒታል ሊመላለስ ይችላል።

ታሪኩንም ትንሽ እንንገራችሁ። ማሽኑን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1943 የሠራው ኮልፍ የሚባል የሆላንድ ሐኪም ነው፤ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዞ ሳለ፣ የቋሊማ መሸፈኛ በእንጨት በርሜል ላይ ጠምጥሞ። የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች አብዛኞቹ ሞቱበት። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ዳነች። ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው ባሏን እንደምትፈታ ነው ይባላል። (ይህ ለምክራችን ምሳሌ አይሆንም።)

ከዚያ ሲያትል በሚባለው የአሜሪካ ከተማ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማሽኑ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ ሆነና ማን ይታጠብ የሚለውን የሚወስን የሰፈር ሰዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ቄስ ነበረበት፣ የቤት እመቤት ነበረችበት፤ እንደኛው እድር በሉት፤ ልዩነቱ እነሱ ሰው ገና በሕይወት ሳለ መወሰናቸው ነው። አንዲት በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጃገረድ አልተቀበሏትም። የአባቷ ወዳጅ የሆነ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከባልደረቦቹ ጋር ለቤት የሚሆን ማሽን ሠራላትና በ1964 ቤቷ መታጠብ ጀመረች። በዚያው ዘመን በለንደንና በቦስተንም የቤት እጥበት ተጀምሯል። የከረጢቱ መንገድ የመጣው ኋላ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ሆንግ ኮንግ ከ1985 ጀምሮ ሕመምተኛ ሁሉ መጀመሪያ በከረጢቱ እንዲጀምር አድርጋለች፤ ርካሽ ነው፣ ሆስፒታልም አያጨናንቅም ብላ።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። ይህ ምርጫ ለኛ ቢመጣ ምን ይሆናል ብለን እንደ ልማዳችን በወረቀት ደመርነው። በቀን አራት ከረጢት፣ በወር 120 ነው። እያንዳንዱ ሁለት ሊትር ነውና የፈሳሹ ክብደት ብቻ 240 ኪሎ ይሆናል። አንዲት አህያ 50 ኪሎ ብትጭን አምስት አህያ በየወሩ ማለት ነው፤ ያውም መኪናው ጋሸና ድረስ፣ ከዚያም እስከ ላሊበላ ካደረሰው በኋላ ወደ ገጠሩ ለሚወጣው። ማሽኑ ደግሞ ለአንድ ጊዜ እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውኃ ይጠጣል፤ ስድስት ባለ ሃያ ጀሪካን ማለት ነው። ሲጣራ የሚፈሰውን አልቆጠርነውም። መብራቱስ? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ስንት ወር ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ባንክ እንደተቀመጥን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ ቤቱ ማሽን የነበረው ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን ስናስብ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣናል።

ባገራችን የተስፋፋው በሆስፒታል የሚደረገው የማሽን እጥበት ነው። ለዘለቄታው መታጠብ በአዲስ አበባ የተጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 በግል ሆስፒታል ነው፤ ኋላ በመንግሥት ሆስፒታሎችም በክልል ከተሞችም ተከፈተ። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በበጎ አድራጎት የሚታጠቡም አሉ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መስከረም ነው፤ ኩላሊቱን በሕይወት ያለ ዘመድ ይሰጣል። እንግዲህ ለኛ ሰው ምርጫው ከረጢት ወይስ መርፌ አይደለም። ቤትን ጥሎ ከተማ መግባት ነው ወይስ መቅረት።

ከመካከላችንም ይህ የደረሰባቸው አሉ። ባልየው ታሞ፣ ሁለት በሬና ቤታቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ከገቡ ስምንት ወር ሆናቸው። እሷ የሰው ቤት እንጀራ ትጋግራለች፤ እሱ በሳምንት ሦስት ቀን መታጠብ ሲገባው ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ሁለት ቀን ይታጠባል። ስንደውል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ድምፁ ግን ያበጠ ሰው ድምፅ ነው። ማን ምን እንደመረጠ ጠየቅናት፤ «ማን ጠየቀን ጋሼ» አለች።

በደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ከመዝገብ ይሰረዛል። እነሱ ስምንት ወር አልከፈሉም። መዝገቡን የምንይዘው እኛ ነን፤ አልሰረዝናቸውም፤ ይህን ማድረጋችን ከደንብ ውጭ መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህም እንጠየቃለን። ሰው ሞቶ ድንኳን ከመትከላችን በፊት፣ በሕይወት ሳለ ከእድሩ ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለእጥበት የሚሰጥበት መንገድ ይኑር አይኑር የሚለው ጥያቄ ከዛሬው አጀንዳ በተራ ቁጥር 4 ተይዟል። ባልየው ውሳኔውን ለመስማት ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንድንደውልለት ነግሮናል፤ ዛሬ የእጥበት ቀኑ ስላልሆነ ስልኩን ራሱ ያነሣል።