ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት አጠባበቅና ስለ ንባባቸው መታመን
(በደብሩ በዓለ ኢዮቤልዩ የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኢዮቤልዩ ቀን የደብሩን ዘመን መቍጠርና ያነፁትን ማመስገን የተለመደ ነው። ነገር ግን በላስታ ምድር ዓለት ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን የሆነው ወንጌል እንዲነበብበት ነውና፥ ስለ ሕንፃው ከተነገረ በኋላ በውስጡ ስለሚነበበው መጽሐፍ ሊነገር ይገባል።

በዚህ ዘመን ልጆች ከትምህርት ቤትም ከገበያም አንድ ጥያቄ ይዘው ይመለሳሉ። ይኸውም መጽሐፍ ቅዱስ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ተለውጧልና አይታመንም የሚል ነው። ከምእመናን አንዳንዱ ፈጥኖ፥ አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከቅንዓት የመጣ ነው፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ልጁም ሁለት ብራና አስተያይቶ ልዩነት ባገኘ ቀን፥ ከመልሱ ጋራ ሃይማኖቱንም እንዳይጥል ያሰጋል።

እውነቱ እንዴት ነው ቢሉ፥ መጽሐፍ በሰው እጅ ይጻፋል። ጸሓፊው ሲደክም ዓይኑ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ተመሳሳይ ቃል ይዘልና መካከሉን ይተዋል። አንዳንድ ጊዜም በኅዳግ የተጻፈውን ማብራሪያ ከንባቡ ያገባዋል። ይህን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ያውቁታል፤ አልሸሸጉትምም። የአንድምታ መምህር በሌላ መጽሐፍ ሌላ ንባብ እንዳለ ሲያውቅ፥ አብነት ብሎ ያነሣዋል፤ ለዚያም ትርጓሜ ይሰጠዋል። ደቀ መዝሙሩም ሁለቱን ይዞ ይወጣል እንጂ አንዱን እንዲረሳ አይታዘዝም።

ወንጌል በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ብራናቸው ቢመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ የግዕዙ ንባብ ከዐረብኛ ጋራ እየተያየ ታርሟል። ስለዚህ የጥንቱና የታረመው ንባብ በልዩ ልዩ መጻሕፍት ይገኛሉ።

በዚህ ነገር የአባ ተስፋ ጽዮን ሥራ ትምህርት ይሆናል። ይህ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በ1541 ዓ.ም. ገደማ በሮም የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሲያሳትም፥ በእጁ የነበረው የሐዋርያት ሥራ እጅግ የጐደለ ነበር። የጐደለውን ከላቲንና ከጽርዕ ተርጕሞ ሞላው። ነገር ግን የጥንት ንባብ አላስመሰለም፤ ከየት እንዳመጣው ለአንባቢ አስታውቆ አሳተመው። ጕድለትን መናገር መጽሐፉን አላዋረደውም፤ አሳታሚውን አስታመነው እንጂ።

ነቃፊም ሳይመረምር ሲናገር ይስታል። የማርቆስ ወንጌል መጨረሻ፥ በምዕራፍ 16 ከቍጥር 9 እስከ 20 ያለው፥ የሲናና የቫቲካን በሚባሉት በሁለቱ ጥንታውያን የጽርዕ መጻሕፍት አይገኝም። በእንግሊዝ አገር ያሉ አንዳንድ የግዕዝ ወንጌሎችም እንደዚሁ በቍጥር 8 ያበቃሉ ተብሎ፥ አንዱ ከሌላው እየቀዳ ብዙ ዘመን ተጻፈ። ኋላ ብሩስ ሜትዝገር የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅ መጻሕፍቱን ቢመረምር፥ መጨረሻው ተጽፎ ተገኘ። ይህ የጽርዑን ክርክር አይፈታም፤ ነገር ግን መጽሐፍ ሳይገልጡ መመስከር እንደማይገባ ያስረዳል።

መጽሐፈ ሄኖክም ሌላ ምሳሌ ነው። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ ቀረ፤ ጄምስ ብሩስም በ1765 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ አደረሰው። በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የአራማይስጥ ቍርጥራጮቹ ተገኝተው በ1968 ዓ.ም. ታተሙ። ከእነዚህም ከልደተ ክርስቶስ በፊት የተጻፉ አሉና፥ ለመጽሐፉ ጥንታዊነት መሰከሩ። ነገር ግን ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው በመካከላቸው አልተገኘም። ምስክር ከጠሩ በኋላ የሚወዱትን ቃል ብቻ መስማት አይቻልም።

እንግዲህ የመጽሐፍ መታመን ጸሓፊ ሁሉ አለመሳሳቱ አይደለም፤ የምስክሮቹ መብዛት ነው። በዳኛ ፊት አንዱ ምስክር ቢሳሳት ሌላው ያቀናዋል። ልዩነት የሚታየውም መጻሕፍቱ ብዙ ስለ ሆኑ ነው፤ አንድ ብቻ ቢቀር ስሕተቱን ማን ባወቀው! ከላስታ እስከ ትግሬ፥ ከሸዋ እስከ ግብጽ በየደብሩ የተበተነውን መጽሐፍ በአንድነት ሰብስቦ የለወጠ እጅ የለም። ከልዩነቱም ብዙው የሀሌታው ሀ በሐመሩ ሐ መለዋወጥ፥ የቃልም መቅደምና መከተል ነው።

አባቶች ለወንጌል እምነት ስለ ነበራቸው ጉልታቸውን እንኳ በእርሱ ላይ ጻፉ። ንጉሥ ላሊበላ በሽመዛና ላለው ለደብረ ሊባኖስ የሰጠው በዚያ ገዳም ወንጌል ተመዝግቧል። በሐይቅ እስጢፋኖስም በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አለ። ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በተያዘች ጊዜ፥ ከዚያ ከተወሰዱት መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ፤ በ1993 ዓ.ም. ከቤልጅግ ተመለሰ። መስቀሉ በመልኩ ታወቀ፤ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ቢሰረቅ ግን በምን ይታወቃል?

ስለዚህ የዚህ ደብር ካህናትና ምእመናን በዕቃ ቤት ያለውን መጽሐፍ ሁሉ ቈጥረው ይመዝግቡ፤ ቅጠሉንም በፎቶግራፍ ያስነሡ። ያረጀ ነው ብሎ ለነጋዴ የሚሰጥ አይኑር፤ አንድ መጽሐፍ ሲጠፋ አንድ ምስክር ዝም ይላልና። ንባቡ ስሕተት መስሎ ቢታይ፥ ብራናውን ፍቆ እንደ ወደዱ ከመጻፍ ልዩነቱን ለይቶ መመዝገብ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ልጆች ግዕዝን ይማሩ፤ ለጠያቂ የሚበጀው መልስ መጽሐፉን ገልጦ ከእርሱ ጋራ ማንበብ ነውና።

መጽሐፉን ለአባቶች የሰጠ አምላክ ለልጆችም ጠባቂነትን ይስጥ፤ አሜን።