የሐኪምነት ትምህርት ስለሚሹ የጤና ሠራተኞች



በደብረ ወርቅም ሆነ በሌላ ወረዳ ቁስል ስታጥቡ ዓመታት ያሳለፋችሁ ነርሶች «ሐኪም ለመሆን ጊዜው አለፈን» ብላችሁ አትዘኑ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በጤና ጣቢያ ያለማምድ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረውም አዲስ የሕክምና ትምህርት በዲግሪ የተመረቁ ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን ጭምር ተቀብሏል።

ዳሩ ግን መርፌ ሲወጉ መኖር ብቻውን ልምድ አይባልም። ከዓባይ ቆላ ተመልሶ የሚንቀጠቀጠውን ገበሬ ብርዱ መቼ እንደ ጀመረው፥ ትኩሳቱም ለቆት እንደ ሆነና በስንተኛው ቀን እንደ ተመለሰበት ጠይቁት። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር አጠገቡ ቁሙ፤ ወባ የመሰላችሁ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ሊሆን ይችላልና። አስቀድማችሁ የገመታችሁትንና ምርመራው ያሳየውን ጐን ለጐን በደብተር ጻፉ፤ የተሳሳታችሁበትን አትሰርዙ። የሕመምተኛውን ስም ግን አታስፍሩ።