ቡችላ ወደ ቤት ሲገባ
በገርጂ ለተሰበሰቡ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር



ባለፈው ጊዜ ስለ መጸዳጃ ቤት ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቡችላ ነው። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። «ላም ብትታመም ወደ ሐኪም ትወሰዳለች፤ ወተት ትሰጣለችና። ውሻ ደግሞ ምን ቤት ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ቡችላውን ለሐኪም የምናሳየው ለእርሱ ብቻ ብለን ሳይሆን ቀኑን ሙሉ አብሮት ለሚጫወተው ልጃችን ብለን ነው።

ገርጂ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ አገር ነበረች። ዛሬ ፎቁና አጥሩ በዝቷል፤ አጥር ሲበዛም ጠባቂ ውሻ ይፈለጋል። ቡችላው ከገጠር ዘመድ ዘንድ በቅርጫት ይመጣል፤ ወይም ልጆች መንገድ ላይ ከወለደች ውሻ ሥር አንሥተው ያመጡታል። እናቱ ተከትባ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። በዚያው ቀን ልጆቹ ያቅፉታል፤ እርሱም ጣታቸውን ይነክሳል፣ ፊታቸውን ይልሳል። «ቡችላ እኮ ነው፤ ምን ያደርጋል!» ይባላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ዕድሜ አይመርጥም፤ በሽታው የያዘው ቡችላ ምራቅ እንደ ትልቁ ውሻ ምራቅ ይገድላል።

ቫይረሱ በቁስል ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። በሰው ላይ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ይታያል፤ በሳምንት የሚመጣበት፣ እስከ ዓመትም የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚጠቁት ከ10 ሰዎች 4ቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ያበደ ውሻ ሁሉ ይሮጣል፣ ይናከሳል ማለትም አይደለም። አንዳንዱ ጨለማ ጥግ ይዞ ይተኛል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሐጩ ይዝረበረባል። ያየው ሰው አጥንት ጉሮሮው ላይ የቆመበት መስሎት አዝኖ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ኧረ እንዲህ ያለውስ ርኅራኄ ይቅር!

በ1877 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1885፣ ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ያበደ ውሻ ነከሰው። እናቱ ይዛው ወደ ፓሪስ ሄደች፤ ሉዊ ፓስተር የተባለው ሊቅ አዲሱን ክትባቱን አስወጋውና ልጁ ዳነ። በአዲስ አበባ ጉለሌ «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚሁ ሊቅ ስም የተጠራ ተቋም በዚያ ስለ ነበረ ነው። የቀድሞ ሰዎች መርፌውን ሲያስታውሱ ሆዳቸውን ይይዛሉ፤ ለብዙ ቀን ሆድ ላይ ይወጋ ነበርና። ዘመናዊው ክትባት ግን በክንድ የሚሰጥ፣ 4 ወይም 5 ጊዜ ብቻ የሚወጋ ነው።

እንግዲህ ቡችላው በመጣ በሳምንቱ ውስጥ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። በገጠር ያላችሁ ከብቶቻችሁን በምታሳክሙበት ቦታ ጠይቁ፤ ክትባቱ ከሌለም የት እንደሚገኝ ይነግሯችኋል። ጨርቅ በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ቀዳዳ ባለው ካርቶን አድርጋችሁ ትልቅ ሰው ይሸከመው፤ የፈራ ቡችላ ይነክሳል። እዚያ ስትደርሱ መሬት አታውርዱት፤ ግቢው የታመሙ ውሾች የሚመላለሱበት ነውና።

ሐኪሙ ጥርሱን ያያል። የወተት ጥርስ መለወጥ የሚጀምረው በ4 ወር ገደማ ስለ ሆነ ዕድሜው ከዚያ ይገመታል። ክትባቱም በዕድሜ ነው፤ ቡችላን በደም ተቅማጥ የሚፈጀውን በሽታ የሚከላከለው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ተጀምሮ ይደጋገማል። የእብድ ውሻው ክትባት እንደ ተለመደው በ3 ወሩ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይሰጣል። እስኪከተብ ድረስ ከግቢ አይውጣ፤ ከመንገድ ውሻም ጋራ አይገናኝ።

የትል መድኃኒትም ይሰጠዋል። በበዓል በግ ስናርድ በሳንባውና በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የምናይበት ጊዜ አለ። ያንን «ለውሻው ጣሉለት» እንላለን። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋራ ወጥቶ ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጁ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ እንቁላሉ ወደ ሆዱ ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ቅበሩት።

ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁ ያለቅሳል፣ አትተዉት። አመድና ቅቤ አታድርጉበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠበል የሚወስድም ይውሰድ፣ ክትባቱን ግን አያስቀር። ውሻው ጤነኛ ቢመስል አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት፤ የልጁ ሕክምና ግን ያን አይጠብቅም።

ሐኪሙ የሚሰጣችሁን የውሻውን ካርድ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋራ አኑሩት፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ተጽፎበታል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ።