የአሠልጣኙ ቦታ፤ ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሥራ ዘመን የምንማረው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሥራ መሪነት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ብዙዎቻችሁ የግድብ ወይም የድልድይ ታሪክ እንደምትጠብቁ አልጠፋኝም። እኔ ግን ስለ አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ፣ ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ለመናገር መርጫለሁ። ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝ በሙያዬ የሠራሁት ስሕተት ስለሆነ አስቀድሜ እርሱን ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል፣ በአንድ የመንገድ ጥገና ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። የዚያ አገር ክረምት ጽኑ ነው፤ ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመንገዱን ዕድሜ የሚወስኑት ቦዩና የውሃ ማሳለፊያው ቱቦ ናቸው። እኔም ይህን ስለማውቅ ሥራውን ለማንም አላምንም ነበር። ቀያሹ ቆሞ እያየ በመሣሪያው የምለካው እኔ፤ ልምድ ያላቸው ፎርማን ዝም ብለው የቦዩን ተዳፋት የምወስነውም እኔው ነበርሁ። በሐምሌ ወር ታምሜ አዲስ አበባ ስገባ አንድ ቱቦ በደለል ተደፈነ፤ ውሃውም በመንገዱ ላይ ወጥቶ ሙሌቱን ቆርሶ ወሰደው። ተመልሼ ፎርማኑን፣ «ምነው ሳያስጠርጉት ቀሩ?» ብላቸው፣ «እርስዎ ሳያዙ ምን ብዬ ልንካው?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

በዚያው ሰሞን በቢቸና አንድ መምህር በየማታው ልጆችን ኳስ ሲያሠለጥን ቆሜ እመለከት ነበር። ልጆቹ ሲሳሳቱ ይጠራል፣ ይመክራል፤ ከመስመሩ ግን አያልፍም። «ገብተህ ብታሳያቸውስ?» ብለው፣ «እኔ የምጫወትላቸው ከሆነ እነርሱን ለምን አደክማለሁ?» ብሎ ሳቀ። የአቶ ይድነቃቸውን የሥራ ዘመን በአዲስ ዓይን መመልከት የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለብዙ ዘመን ተጫውተው በግብ አግቢነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በዚያው ዓመት በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ግብጽ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ በ1951 ዓ.ም. በካይሮም እንደዚሁ 4 ለ 0። ሦስተኛው ውድድር በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ ቡድኑን ይዘው የቀረቡት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

ቡድናችን ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትቶ ጥር 13 ቀን ለፍጻሜ ከዚያችው ከግብጽ ጋር ተገናኘ። ግብጽ ቀድማ አገባች። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ ቢያደርግ በደቂቃ ልዩነት ግብጽ እንደገና መራች። በ84ኛው ደቂቃ የቡድኑ አምበል ሉችያኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን አቻ ግብ አስቆጠረ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ አክለው ዋንጫው በ4 ለ 2 ውጤት የኢትዮጵያ ሆነ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። በዚያን ዘመን ተጫዋች እየቀየሩ ማሰለፍ እንደ ዛሬው የተለመደ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ሲመሩ አሠልጣኙ ሊያደርጉት የሚችሉት እጅግ ጥቂት ነበር፤ ያ የቀድሞ ግብ አግቢ አንዲት ኳስ እንኳ መምታት አይችሉም። ሜዳ ውስጥ የነበረው አስቀድመው በልጆቹ ልብና እግር ውስጥ ያኖሩት ብቻ ነው።

ከዚያም በላይ አንድ ታሪክ አለ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለማሰለፍ እምቢ በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆና ነበር። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ በዚህ አቋም ጸኑ፤ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስም አልለወጡትም። አፓርታይድ ወድቆ ደቡብ አፍሪካ በ1988 ዓ.ም. ውድድሩን በሜዳዋ አዘጋጅታ ዋንጫውን ስትወስድ ለማየት አልታደሉም። ሥራው ግን እርሳቸው በሌሉበት ፍሬ አፈራ።

ይህን ብቻ ተናግሬ ብቀመጥ ንግግሬ ውዳሴ ይሆናል። የአገራችን ቡድን ያን ዋንጫ ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አላገኘውም። መንግሥቱ ወርቁ በተራቸው አሠልጣኝ ሆነው በ1974 ዓ.ም. ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፤ ከዚያ በኋላ ግን በአቶ ሰውነት ቢሻው አሠልጣኝነት በጥር 2005 ዓ.ም. እስከተመለስንበት ጊዜ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ። የተመለስነውም ወደዚያችው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር። አንድ አሠልጣኝ አንድ ተተኪ ቢያፈራ ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ተተኪ ማፍራት የአንድ ሰው ጠባይ ሆኖ ከቀረና የሁሉ ልማድ ካልሆነ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ እኛስ? በየሥራው ቦታ ንድፉን በጉያችን ይዘን የምንዞር ስንቶች ነን? በማግሥቱ ዓመት ወደ ሞጣ በሚወስደው ክፍል ላይ ስሠራ መሣሪያውን ለቀያሹ ሰጠሁ፤ እያንዳንዱ ቱቦ ለምን በዚያ ቦታና በዚያ ከፍታ እንደተቀመጠ ከፎርማኑ ጋር እየተዘዋወርን ተነጋገርን። ብዙ ጊዜ እርሳቸው እኔን አረሙኝ፤ የጎርፉን መንገድ ከእኔ ይልቅ ያውቁት ነበርና። ሥራው በመጀመሪያ ዘገየ፤ እጄንም ለማስገባት ብዙ ጊዜ ተፈተንሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን ቱቦዎቹ ያለ እኔ ትእዛዝ ተጠረጉ።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ስንዛወር የምናስረክበው መንገዱንና ሰነዱን ብቻ ሳይሆን፣ ሥራውን ከነምክንያቱ የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው ጭምር እንዲሆን አደራ እላለሁ።