የጣና ደንገል በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ስለ ባሕር ጉዞ ልናገር መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አልፈርድባቸውም። እኔ የኮልፌ ልጅ ነኝ፤ በክረምት የሚሞላውን ወንዛችንን ካልቆጠራችሁልኝ በቀር ከውኃ ጋር ትውውቅ የለኝም። ነገር ግን ዛሬ የምነግራችሁ የውቅያኖስ ጉዞ መነሻው የራሳችን ጣና ነው።

ጣናን ያየ ሁሉ ደንገልን ያውቃል። ነገደ ወይጦዎች ከጥንት ጀምረው ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ እያሰሩ ታንኳ ይሠሩበታል፤ የዘጌ ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚሻገረው፣ የደሴቶቹ መነኮሳትም የሚመላለሱት በዚሁ ታንኳ ነበር። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ተስቦ ፀሐይ ይሞቃል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 18 ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው አገር ሲናገር የደንገልን መርከብ ያነሣል፤ ስለዚህ ነገሩ የትናንት አይደለም።

ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው በ1939 ዓ.ም. ኮንቲኪ በተባለች የእንጨት ታንኳ ከአምስት ባልንጀሮቹ ጋር ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ዘንድ ደርሶ ነበር። ይህ ሰው በግብፅ መቃብሮች ላይ የተሣሉትን የደንገል መርከቦች አይቶ፣ «እንዲህ ያለው መርከብ ውቅያኖስ ይሻገር ይሆን?» ሲል ጠየቀ። በግብፅ ግን ደንገሉ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ከጣና አሳጭዶ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ግብፅ አስጫነው፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠራተኞችም በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ 15 ሜትር የሚሆን መርከብ ሠሩለት። ስሟንም «ራ» አላት። አዋቂዎቹ ደንገል በባሕር ውኃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት አያልፍም ብለው ተንብየው ነበር።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ የሰዎቹ ነገር ነው። ሰባቱም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ናቸው፤ ከኖርዌይ ሄየርዳል፣ ከአሜሪካ ኖርማን ቤከር፣ ከሶቪየት ኅብረት ሐኪሙ ዩሪ ሴንኬቪች፣ ከኢጣልያ ተራራ ወጪው ካርሎ ማውሪ፣ ከሜክሲኮ ሳንቲያጎ ሄኖቬስ፣ ከግብፅ ጆርጅ ሱሪያል፣ ከቻድ አናጢው አብዱላ ጅብሪን። አብዛኞቹ መርከበኞች አልነበሩም። ሃይማኖታቸውም፣ የመንግሥታቸውም ሐሳብ ለየቅል ነው፤ ሁሉንም የሚያግባባ አንድ ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም። ዘመኑ አሜሪካና ሶቪየት ዓይን ለዓይን የማይተያዩበት መሆኑን አስታውሱ። ሄየርዳል አውቆ እንዲህ መረጣቸው፤ በአንዲት ጎጆ ተጨናንቀው መኖር ይችሉ እንደ ሆነ ማየት ይፈልግ ነበርና። የሰቀሉትም የተባበሩት መንግሥታትን ሰንደቅ ዓላማ ነው።

ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሡ። ገና በመጀመሪያው ቀን የመሪ መቅዘፊያዎቹ ተሰበሩ። ደንገሉ ግን አልሰጠመም፤ ያጠፋቸው አንድ ገመድ ነው። በጥንቱ ሥዕል ላይ ወደ ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ እስከ መርከቡ ወለል የተወጠረ ገመድ ይታያል። ጫፉ ያለ ገመድም ቆሞ ስለ ታየ ሠሪዎቹ ገመዱን አላስፈለገም ብለው ተዉት። በውቅያኖሱ መካከል የኋላው ክፍል ውኃ ጠጥቶ መስመጥ ሲጀምር ነው የገመዱ ሥራ የገባቸው። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ፣ ባርቤዶስ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ መርከቧን ትተው ወጡ።

እኔ ብሆን ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እነርሱ ግን በዓመቱ ተመለሱ። ከቦሊቪያ የመጡ የአይማራ ሰዎች ከዚያው ከጣና ደንገል 12 ሜትር የሆነችውን ሁለተኛዋን ራ ሠሩ፤ አብዱላ አልነበረም፤ የጃፓኑ ኬይ ኦሃራና የሞሮኮው ማዳኒ ተጨምረው ስምንት ሆኑ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥተው ሐምሌ 5 ቀን፣ በ57 ቀን፣ ባርቤዶስ ገቡ። በመንገዳቸውም በ43ቱ ቀን የነዳጅ ዘይት ጓል በባሕሩ ላይ ተንሳፎ ስላዩ ይህንኑ ለተባበሩት መንግሥታት ጽፈው አስታወቁ። እርግጥ ይህ ሁሉ የጥንት ግብፃውያን አሜሪካ ደርሰዋል ማለት አይደለም፤ ሊቃውንቱም አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። መቻልና ማድረግ ልዩ ልዩ ናቸው።

በ1970 ዓ.ም. ሄየርዳል በሦስተኛ የሸምበቆ መርከብ፣ በ«ጤግሮስ»፣ ከኢራቅ ተነሥቶ በፓኪስታን በኩል ጅቡቲ ደረሰ። ዙሪያውን ግን ጦርነት ነበረ፤ የእኛም አገር በጦርነት ላይ ነበረች። መጋቢት 25 ቀን መርከቧን ራሳቸው አቃጠሏት፤ ወደዚህ አካባቢ የሚጎርፈውን የጦር መሣሪያ ለመቃወም። ይህን ሳነብ አፈርሁ፤ በሁለት ጉዞ ደንገላችን ሰዎችን ተሸክሞ ነበር፤ በሦስተኛው ጊዜ በደጃችን እሳት ተለኮሰ።

አንድ ነገር ደግሞ አስከፍቶኝ ነበር። ደንገሉ የእኛ ሆኖ ሳለ ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንድ ኢትዮጵያዊ እንኳ አልነበረም! ይህንን ለአባቴ በብስጭት ነገርኋቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ አንተን ቢጠሩህ ትሄድ ነበርን?» አሉኝ። «እንዴታ!» አልሁ። «ቅዳሜ ቅዳሜስ የት ነበርህ?» አሉኝ።

አባቴ ያሉት እውነት ነው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ የክፍላችን ተማሪዎች የተቀደዱትን የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት በፈቃዳችን ልንጠርዝ ተስማምተን፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ 24 ሆነን መጣን። በአራተኛው ቅዳሜ 5 ብቻ እንደ ቀሩ ሰማሁ። ሰማሁ ማለቴ፣ እኔ አልነበርሁምና ነው። ፈተና አመካኘሁ፤ ፈተናው ግን ገና ሩቅ ነበር። በመርከብ ላይ የሆነ ሰው መቅረት አይችልም፤ እኛ በር አለን፤ ከበሩም ማዶ ኮልፌ አለ።

ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ተመልሻለሁ። ሙጫውንና ክሩን አምስቱ ጓደኞቻችን በገንዘባቸው ገዝተዋል። 60 የሚሆኑ መጻሕፍት ገና አልተጠረዙም፤ ሥራው ቅዳሜ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ይጀመራል።